የሙሴ ቤት ደፍ

ግንበኛ ነኝ። አርባ አምስት ዓመት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ስደረድር ኖሬያለሁ፤ ዲላ ውስጥ ካለው የድንጋይ አጥር ግማሹ የእኔ እጅ ነው ብል የሚከራከረኝ የለም። እና በስድሳ ስድስት ዓመቴ ኖራ እንዴት እንደሚቦካ የምታስተምረኝ አንዲት ፍሬ ልጅ አመጡልኝ። ትጊ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚሁ ዩኒቨርሲቲያችን የምታስተምር አርክቴክት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን ሲሚንቶ የሚባል ነገር እዚህ ግቢ እንዳይገባ ብላ አስጠነቀቀችን። የድሮ ግንብ በኖራ ስለተሠራ በኖራ ብቻ ይጠገናል፤ ሲሚንቶ ድንጋዩን አንቆ ይገድለዋል አለች። ሲሚንቶ የሌለበት ግንብ ምኑን ግንብ ሆነ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። በአፌ ግን እሺ አልኳት፤ ሥራውን አጥብቄ እፈልገው ነበር።

የምናድሰው የሙሴ ቤትን ነው። ዲላ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ልንገር። በአርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሙሴ ራውል የሚባል፣ ሙሴ በእነሱ ቋንቋ አቶ ማለት ነው፣ ፈረንሳዊ ቡና ገዢ ያሠራው ነው። አያቶቹ አገራቸው ላይ ሰባት መቶ ዓመት የሞላው የድንጋይ ቤት ነበራቸው አሉ፤ ሰውዬው ቁርጥ ያንን የመሰለ ቤት ዲላ ላይ ማሠራት አማረው። ጫፉ የሾለ የበር ቅስት፣ እጅ በቅጡ የማያሾልኩ ጠባብ መስኮቶች፣ ክብ ግንብና በውስጡ የሚጠማዘዝ ደረጃ። ለእኛ ዝናብና ለእኛ ጭቃ ይህ ምን እንደሚፈይድ እግዜር ይወቀው። ከዚያ ደርግ ወረሰው፣ ቀበሌ ሆነ፣ የእህል መጋዘን ሆነ፣ በመጨረሻ የሌሊት ወፍ ወረሰው። ጣሪያው ከወደቀ ሃያ ዓመት አልፎታል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ግን ቢሮው ሁሉ ቅርስ ቅርስ ማለት ጀመረ፤ የሙሴ ቤትም ታድሶ ሙዚየም ይሁን ተባለ።

ይህን ቤት የገነባው አባቴ ነው። ጅግሶ ይባላል። በሩ አናት ላይ በብረት ፊደል የተጻፈው ግን የፈረንሳዩ ስም ነው፤ የአባቴ ስም የትም የለም። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ተሸካሚው ሲሉት ኖሩ። ግንበኛ ብሎ የጠራው ሰው ካለ እኔ አልሰማሁም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ የበሩ ደፍ። ከሁለት ሜትር የሚበልጥ፣ አንድ ወጥ፣ ስንጥቅ የሌለበት ድንጋይ። አባቴ ከለገዳራ ወንዝ ውስጥ ራሱ ፈልጎ አግኝቶ፣ ስድስት ሰው አስተባብሮ፣ በስምንት ቀን እያንከባለለ እንዳመጣው ነግሮኛል። ይህን ታሪክ ለክፍል ጓደኞቼ አውርቻለሁ፣ ለሚስቴ ለመሰለች ሳጫት አውርቻለሁ፣ በአባቴ ቀብር ላይ ቆሜ አውርቻለሁ።

ስለዚህ ሥራውን ስይዝ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። መግቢያው ላይ የሚቆመው የድንጋይ ጽሑፍ «ዋና ግንበኛ ጅግሶ» ይበል፤ የምጽፈውም እኔ በመሮዬ ልሁን አልኩ። የእድሳቱ አስተባባሪ አቶ ሲራክ፣ ዘወትር ክራባት የማይለየው ሰው ነው፣ የደፉን ታሪክ ሲሰማ ደስ ብሎት ለጎብኚዎች በሚታተመው ወረቀት ላይ ሳይቀር አስገባው። የአባቴን ስም ድንጋይ ላይ ሳላይ አልሞትም ብዬ ነበር። ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

የትጊ አሠራር ትዕግሥት ያስጨርሳል። እያንዳንዱ ድንጋይ በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ቦታው ላይ ይገባል። ከቁጥር አንድ በቀር። ቁጥር አንድ ደፉ ነው። እሱ ጤነኛ ስለሆነ እንዳይነሳ፣ ዙሪያው ብቻ በኖራ ይደፈን ብላ ነበር። እኔ ግን በቆምኩበት ቁጥር ከእግሬ ሥር ትንሽ ንቅንቅ ሲል ይሰማኝ ነበር። ውሃ ሥሩን በልቶታል። አባቴ ያስቀመጠው ድንጋይ በእኔ ጊዜ ሲወዛወዝማ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

አንድ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሥራ ጨርሶ ወደየቤቱ ሲሄድ ቀረሁ። ድጅኖ ከሥሩ አስገብቼ ጫንኩት፤ ከበሩ ወጣ ያለው ጠርዙ እጅ የሚያሾልክ ያህል ተነሳልኝ። ሽብልቅ ወሸቅሁና በሆዴ ተኝቼ ምን ያህል እንደተቦረቦረ ለማወቅ እጄን ሰደድኩ። ጣቶቼ ጉድጓድ ገቡ። ከአጠገቡ ሌላ ጉድጓድ። ከመሀላቸው ወደ ታች የሚወርድ ጉብታ። ወረድ ስል ጎን ለጎን የተሰለፉ መስመሮች፣ የጎድን አጥንት። ስልኬን አውጥቼ መብራቱን አበራሁ። ዓይን ነበር። ፊቱን ወደ አፈር የደፋ ሰው ከሥር ያየኝ ነበር።

ጌዴኦ ሆኖ ትክል ድንጋይ የማያውቅ የለም። ጥንት ሰው ሲሞት መቃብሩ ላይ የሚተከል፣ አንዳንዱ የሰው መልክ የተቀረጸበት ነው። እንደ ቱቱ ፈላ ያሉትን የትክል ድንጋይ ሜዳዎች ለማየት ፈረንጅ ውቅያኖስ አቋርጦ ይመጣል። የወንዝ ድንጋይ ደግሞ ዓይን የለውም። አባቴ ዋሽቶኛል። ክው ብዬ እጄን ስቤ አወጣሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ስድሳ ዓመት በአንድ ውሸት ስኮራ ኖሬ እሱ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር።

ከዚያ ያደረግሁትን ልናገር። አንድ ቤት አልፎ ሌላ ግንባታ ነበር፤ ያንን ፊት ማንም እንዳያየው ብዬ ከዚያ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ለምኜ አመጣሁ። በቀጭኑ በጥብጬ ከደፉ ሥር አንቆረቆርኩት፤ ሽብልቁን መትቼ አወጣሁ፤ ድንጋዩ ፊቱን ሲሚንቶው ውስጥ ደፍቶ ተኛ። ላዩን በኖራ ለቀለቅሁት። ትጊ ሰኞ ስትመለስ ደፉ ላይ ቆማ ብታይ ንቅንቅ የለም። ኖራው እኮ ሠራ ጋሼ ብላ ደስ አላት። አዎ ልጄ አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

በዚያው ቀን የአባቴን ስም መቅረጽ ጀመርኩ። «ጅ»ን ጨረስኩ። «ግ» ላይ መሮው አንሸራተተኝ። ማክሰኞ እንደገና ብሞክር ፊደሉ ጠመመብኝ። ምግብ አልበላ አለኝ። መሰለች አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ ሐሙስ ዕለት ሳህኑን ከፊቴ አንስታ ምን እንዳደረግሁ ጠየቀችኝ። ምን ሆንክ አላለችም፤ ምን አደረግህ ነው ያለችው። ነገርኳት። ከዚያ የአባቴ መንደር ከጪጩ በላይ ካለው ጉብታ ሥር መሆኑን፣ ጉብታው ላይም ትክል ድንጋዮች መኖራቸውን አስታወሰችኝ። ሜትር አለህ አይደል፣ ሄደህ ለካ፣ ምናልባት የዚያ ላይሆን ይችላል አለችኝ። እኔም ይህችኑ ምናልባት ይዤ ሄድኩ።

እስከ ጪጩ በባጃጅ፣ ከዚያ ቡናና እንሰት እየሰነጠቅሁ ሽቅብ። ጉብታው ላይ አሥራ አንድ ድንጋይ ቆሟል፣ ሦስቱ ወድቀዋል። በስተምሥራቅ በኩል፣ ከሣሩ ሥር፣ አራት ማዕዘን የሆነ ጎድጓዳ ነገር አገኘሁ። ተንበርክኬ ሣሩን ነጨሁና ለካሁ። ወርዱ ሃምሳ አራት ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ሠላሳ አንድ። የደፉን ልክ ሳልጽፈው አውቀዋለሁ። ምናልባት አልገጥም ቢል ብዬ ሁለተኛ ለካሁ፣ ሦስተኛ ለካሁ።

«ልኩ ገጠመ?»

ዞር ስል የሶንጎው ሽማግሌ አባባ ሮባ ናቸው። ሶንጎ ማለት መንደሩ ተሰብስቦ ነገሩን የሚዳኝበት ከዛፍ ሥር ያለ ሜዳ ነው፤ ከጉብታው እግር ሥር ይገኛል። አባባ ሮባ ሰማንያውን አልፈዋል፤ በትራቸውን ተደግፈው ከመቼ ጀምሮ እንደሚያዩኝ አላውቅም። ሜትሩ እጄ ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

«ገጠመ» አልኳቸው።

ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ። እሳቸው የነገሩኝን እንዳለ እናገራለሁ። ፈረንሳዩ ለበሩ አንድ ወጥ ድንጋይ ካልሆነ አሻፈረኝ አለ። አባቴ ከወንዝ ያወጣው ድንጋይ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተሰበረበት። ሙሴው ሌላ ግንበኛ አመጣለሁ ብሎ አስፈራራው። አባቴ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው፣ የወንጌሉን እምነት ከተቀበለ ገና ዓመት አልሞላውም። የአዲስ አማኝ ነገር ይታወቃል፤ የድሮ የሆነ ሁሉ ለእሱ የጣዖት ነበር። የጥንት ሰዎች ድንጋይ ባለቤት የለውም፣ ብነቅለው እንዲያውም ጽድቅ ነው ብሎ አሰበ። ስድስት ሰው ይዞ መጣና ነቀለው። ሲነቅሉት ግን ከሥሩ አጥንት ወጣ። ያን ጊዜ አባቴ ደነገጠ። አጥንቱን በእጁ መልሶ ቀበረ፤ ድንጋዩን ግን ወሰደ። ወደ ታች ደፍቶ ያነጠፈውም ፊቱን ሰው እየረገጠ እንዳያልፍ ብሎ ነው።

ቤቱ ባለቀ በወሩ አባቴ በገዛ እግሩ ወደ ሶንጎው መጣ። ማንም አልጠራውም። ቆሞ የሠራውን ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ቤቱ ቆሞ ሳለ ድንጋዩ ከሥሩ ቢወጣ በሩ እንደሚናድ፣ ፈረንሳዩም እንደማይፈቅድ ያውቃሉ። ስለዚህ ቃል አስገቡት። ቤቱ የወደቀ ቀን ድንጋዩ ይመለሳል፣ መላሹም ጅግሶ ይሆናል፤ ቀኑ ሳይደርስ ቢሞትም ለልጁ ነግሮ ይሞታል። ከዚያ በኋላ አባቴ በየዓመቱ ቡና ተለቅሞ ሲያልቅ ይመጣ ነበር አሉኝ፤ ከሰው ኋላ ይቀመጣል።

«ለልጅህ ነገርከው ወይ እንለዋለን» አሉ አባባ ሮባ። «ልጁ በዚያ ድንጋይ ይኮራል፤ ትምህርት ቤት ሳይቀር ያወራዋል፤ ዘንድሮ አልሆነልኝም፣ ለከርሞ እነግረዋለሁ ይለናል። ሠላሳ ዓመት ለከርሞ አለን።»

ወሽመጤ ተቆረጠ። በአባቴ ላይ የነበረኝ ንዴት ሁሉ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ያ ሁሉ ጉራዬ አንድ በአንድ መጣብኝ። እኔ ባወራሁ ቁጥር እሱ አንገቱን የሚደፋው ትሑት ሆኖ ይመስለኝ ነበር። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በቀብሩ ላይ ቆሜ ያንኑ ወሬ ስደግም አባባ ሮባም ከሰዉ መሀል ነበሩ፤ ሰምተው ዝም ብለው ሄዱ።

ለምን ለቢሮው አልተናገራችሁም ስል ጠየቅኋቸው። ተማክረን ነበር አሉ። ግን ቃሉ የጅግሶ ነው፤ ሌላ ሰው ከተናገረው የጅግሶ ቃል ሳይፈጸም ይቀራል፣ ስለዚህ ጠበቅን አሉኝ። ከሃያ ዓመት በፊት ጣሪያው ሲወድቅ ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ትንሽ ቀረው፣ ግድግዳው ሲከተል ድንጋዩ ይመጣል ተባብለው ነበር።

«ከዚያ የሚያድሰው ሰው መጣ ሲሉን ማን ነው ብለን ጠየቅን» አሉና ወደ ሌላ አዩ። «የጅግሶ ልጅ ነው አሉን።»

የሲሚንቶውን ነገር ያን ጊዜ ተናገርኩ። ሳልደብቅ፣ እንዴት እንደበጠበጥኩት ሳይቀር። አባባ ሮባ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱና ቁልቁል ወረዱ።

በማግስቱ ለትጊና ለአቶ ሲራክ አንድ ላይ ነገርኳቸው። አቶ ሲራክ ፊቱ ተለዋወጠ። ምረቃው በሁለት ሳምንት ነው፣ እንግዶች ከአዲስ አበባ ተጠርተዋል፣ ወረቀቱ ታትሟል፤ ከምረቃ በኋላ በኮሚቴ ይታያል አለ። ደግሞም ይህን ካመንን የአባትህን ስም መጻፍ አይቻልም፣ ቅርስ ያፈረሰ ሰው ስም ቅርስ ላይ አይወጣም፣ አስብበት አለኝ። ለእኔ አዝኖ የተናገረው ነው፣ አልቀየምኩትም። ስሙ ይቅር አልኩት። ይቅር ማለት ቀላል አልነበረም። ትጊ ሲሚንቶ ነው ያፈሰስከው አለችኝ። ጋሼ የሚለው ቀረ። ከዚያ ወደ ደፉ ሄዳ ይህ የዚህ ቤት ድንጋይ አይደለም ብላ የጠመኔውን ቁጥር በእጇ መዳፍ አጠፋችው። አቶ ሲራክም ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

በኖራ ብደፍነው ኖሮ በግማሽ ቀን ይወጣ ነበር። ሲሚንቶው ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቅስቱን በእንጨት አስደግፈን በሆዴ ተኝቼ በትንሹ መሮ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ እያስለቀቅሁ ነበር። ትጊ አጠገቤ ተቀምጣ መብራት ያዘችልኝ። የጎድን አጥንቶቹ ደህና ወጡ። አንደኛው ዓይን ደህና ወጣ። ሦስተኛው ቀን ላይ የመጨረሻውን ቁራጭ ስነቅል ግራ ጉንጩ ከነዓይኑ ከሲሚንቶው ጋር ተልጦ እጄ ላይ መጣ። ለስንት መቶ ዓመት ዝናብ ያላጠፋውን ፊት በአንድ ሳምንት አበላሸሁት። መሮውን ጥዬ ወጣሁ። ትጊ ቁራጩን ከእጄ ተቀብላ በነጠላዋ ጠቀለለችው፤ ይጠገናል ጋሼ፣ በኖራ እንለጥፈዋለን አለችኝ። እንደማይጠገን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያም ሆኖ ጋሼ ስላለችኝ አንጀቴን በላችው።

ቅዳሜ ጠዋት በአይሱዙ ጭነን ጪጩ ወሰድነው። ከዚያ በላይ መኪና አይወጣም፤ የመንደሩ ወጣቶች በገመድና በእንጨት እያንከባለሉ ወደ ጉብታው አወጡት። መሰለች የቤተ ክርስቲያኗን ሴቶች ይዛ መጥታ ነበር፤ አንዳንዶቹ ድንጋዩን በጥርጣሬ ቢያዩትም አልተመለሱም። ድንጋዩ ጎድጓዳው ውስጥ ሲገባ ጥርቅም ብሎ ገጠመ። ቀና ሲል ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዞርነው። በአንድ ዓይኑ ያያል።

ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ ሶንጎው ወረደ። ሁለት መቶ ያህል እንሆናለን። አባባ ሮባ መሀል ላይ አቆሙኝ። ድንጋዩ ከተመለሰ ነገሩ እንዲዘጋ የወሰደውና የመለሰው ሰው ስም በሶንጎው ፊት መጠራት አለበት አሉ።

«ይህን ድንጋይ ከቦታው የወሰደው ማን ነው?»

ስሙን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በጥፋት ልጠራው ነው። «አባቴ ጅግሶ ነው» አልኩ።

«የመለሰውስ?»

«እኔ ልጁ ደበበ ነኝ።»

አባባ ሮባ አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃል የገባ እሱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት እዚያ ኋላ ተቀምጦ የጠበቀ እሱ ነው፤ ያንተ እጅ የእሱ እጅ ነው አሉኝ። ከዚያ እንደገና ጠየቁ፣ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚጠይቁ።

«የመለሰውስ ማን ነው?»

«ጅግሶ» አልኩ።

ሰዉ በአንድ ድምፅ ተቀበለኝ። ጅግሶ መለሰ አለ፤ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ድንጋዩን የጎተቱት ወጣቶች፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው ትጊ ሳትቀር። በቀብሩ ቀን አላለቀስኩም ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ ማንም ተነስ አላለኝም።